ከመጋዘኑ በታች ያለው ተራ

ተሾመች ያን ቀን ለምን ዝም አለች? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ያንን ብትናገር ኖሮ ከሰፈር የሚወጣው ሌላ ሰው ይሆን ነበር። አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ካለም አላገኘሁትም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዘመኑ ዘጠና ሦስት፣ ቦታው ሚዛን ተፈሪ፣ ከገበያው ወደ ታች ሲወረድ ያለው ሰፈር። አባቴ ሻሚል ከጅማ በኩል መጥቶ ጨው፣ ስኳርና ሳሙና የሚነግድ ሰው ነበር። ሱቃችን ወደ መንገዱ፣ መጋዘናችን ወደ ጓሮ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ መሬቱ ያልቅና ቦረቦሩ ይጀምራል።

ቦረቦሩ ሰፈሩን ይበላ ነበር። ሚዛን ዝናቡ ወር አይመርጥም። ጎርፉ ከግራና ከቀኝ እየገመሰ የአንዱን አጥር፣ የሌላውን ሽንት ቤት ይዞ ይወርዳል። ሰው ደግሞ የተገመሰውን በቆሻሻ ይሞላዋል፤ ፌስታል፣ የበሰበሰ ሙዝ፣ የቡና ገለባ፣ የሞተ ውሻ። ፀሐይ የወጣ ቀን ሽታው ሱቃችን ድረስ ይመጣል። አባቴ ደንበኛ ፊት ያፍር ነበር።

በመጨረሻ ሦስት ማኅበሮች ተስማሙ። የሚካኤል ሰፈር እድር፣ የሙስሊሞቹ ጀመዓና ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ማኅበር። ከዚያ በፊት ሦስቱ አብረው የሚቆሙት ቀብር ላይ ብቻ ነበር። ሰብሳቢው መምህር ዓባይነህ ሆኑ፤ ከጎጃም የመጡ፣ ቤታቸውም ሆነው ጠመኔ የያዙ የሚመስሉ ሰው። ምክትላቸው አባቴ። ሴቶቹን ወክለው የገቡት ወይዘሮ ካሰች ነበሩ፤ እሳቸው አፋቸውን ከከፈቱ ወፍጮ ቤቱ እንኳ ድምፁን ይቀንሳል ይባል ነበር።

ቦረቦሩ ተከፋፍሎ ለየቤቱ አንድ አንድ ተራ መሬት ተሰጠ። ባለቤቱ ተራውን በድንጋይ ይከትራል፣ በቀርከሃ ያጥራል፣ ችግኝ ይተክልበታል። አባቴ አንድ ደንብ አስጨመረ። ቦረቦሩን የጎዳ፣ ቆሻሻ የጣለም ሆነ ችግኝ የነቀለ፣ ስሙ ካለበት ማኅበር ይሰረዛል። ደንቡን በራሱ እጅ ጻፈው። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ የሱቃችን በር ላይ ሲለጥፈው ሙጫውን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ሥራ ሲኖር የሚነፋው የእድሩ ጥሩምባ ነበር። ሌላ መጥሪያ አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ ሲጮህ አሮጊቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጡና «ማን ሞተ?» ይላሉ።

«ማንም። ቦረቦሩን ልንቀብር ነው» ይላቸዋል ለፋፊው።

ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር። ነገሩን እንዳለ ነው የወሰድኩት። እዚያ ታች፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ስሙን የማይነግሩን አንድ ሰው የሚቀበር ይመስለኝ ነበር። ማን እንደሆነ ለማወቅ በየቅዳሜው ከሰፈር የጎደለ ሰው እቆጥራለሁ።

ምሳው ራሱ ሁለት ሳምንት አከራክሯል። ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፣ ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም። መጨረሻ ላይ በጎደሬና በንፍሮ ታረቁ። ጎደሬውን የምትቀቅለው ተሾመች ነበረች።

ተሾመች ባሏ የሞተባት የቤንች ሴት ናት። አማርኛን ከጎረቤት እንደተዋሰችው ዕቃ በጥንቃቄ ነበር የምትይዘው። ልጇ ጽጌሬዳ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከግብርና የመጣው ችግኝ አልበቃ ሲል ተሾመች ጫካ ገብታ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለውን ዋንዛና ቀረሮ እየነቀለች፣ ሥሩን ከነአፈሩ በኮባ ጠቅልላ አመጣች። መምህር ዓባይነህ እያዩ «ይቺ ሴትዮ ያልተማረች መሐንዲስ ናት» አሉ። ተሾመች ነገሩ ስድብ ይሁን ምስጋና ስላልገባት ዝም ብላ መትከሏን ቀጠለች።

ሁሉም ተራ ያዘ። ከመጋዘናችን በታች ያለው ተራ ግን ሞተ። ተራው የወይዘሮ ካሰች ነበር። እንደገና ተተከለ፤ እንደገና ሞተ። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እሳት እንደነካው ይቃጠላል።

«እጄ ላይ ነው እንዴ መርዙ?» ይሉ ነበር ወይዘሮ ካሰች። «የማንም ተራ ሳይደርቅ የኔ ብቻ! አንዱ ዓይኑን ጥሎብኛል።»

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ተሾመች ገባች። ከዚያ የሚታየኝ ጭቃ የነካው እግሯ ብቻ ነው። የሚገዛ ነገር አልጠራችም።

«ጋሼ ሻሚል» አለች። ቀጥሎ ያለችውን ዝናቡ ቆራርጦ ነው የሰጠኝ። «... ከግድግዳው ሥር ... ነጭ ... ይወርዳል ...»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ እህቴ። አየዋለሁ። ለሰው አትንገሪ።»

«አልናገርም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ስኳር በወረቀት ቋጥሮ ሲዘረጋላት እጁን አየሁ። እግሯ ወደ ኋላ ሄደ። ሳትወስድ ወጣች።

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። አባቴ ሰደቃ ሲሰጥ ሁልጊዜ «ለሰው አትንገሪ» ይላል፤ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ። ስለዚህ ተሾመች ተቸግራ ልትለምን መጥታ ስኳሩ አነሰኝ ብላ የሄደች መሰለኝ። ተቀየምኳት። በማግስቱ ዴስኩ ላይ ከጽጌሬዳ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሳምንት በኋላ ማለዳ፣ አባቴ ለሱብሂ ሶላት ውዱ እያደረገ ሳለ፣ ለሽንት ወጣሁ። ጉሙ ከቦረቦሩ ተነሥቶ ጓሯችንን ሞልቶታል። ከመጋዘኑ በታች የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ። ተሾመች ነበረች። ተንበርክካለች። በጣቶቿ አፈር ቆንጥራ አፏ ውስጥ ጨመረች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ተፋችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ደግማ ቆነጠረች፣ ደግማ ተፋች። ተራውን ሁሉ እንዲህ እየቀመሰችና እየተፋች ወረደች። ስትጨርስ ችግኞቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ኮባ ላይ ደረደረች፣ ሸፈነች፣ ተሸክማ በጉሙ ውስጥ ጠፋች።

ሰው የሚቀበረው እዚያ መሆኑን አውቅ ነበርና፣ አፈሩን የምትበላው ለምን እንደሆነ ለራሴ ለማስረዳት ብዙ አልተቸገርኩም።

ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። የሚታጠብበትን ጀበና እንደያዘ ውኃው እግሩ ላይ ሲፈስ አላወቀውም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ለእናትሽም ቢሆን።»

ከእሷ ክፉ ነገር ሊጠብቀኝ መሰለኝ። አራት ቀን ቻልኩት። በአምስተኛው ቀን ቦኖ ላይ ጄሪካን ይዤ ወረፋ ስጠብቅ ወይዘሮ ካሰች ስለ ተራቸው ያለቅሳሉ፤ የእውነት እንባ ነው። «ለሦስተኛ ጊዜ ተክዬ ጠዋት ብነሣ ባዶ መሬት!» ይላሉ። አሳዘኑኝ። ይህን ማለት ግን በቂ አይደለም። ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞሮ እንዲያየኝም ፈልጌ ነበር። ተናገርኩ።

በማግስቱ እሑድ ጥሩምባው ተነፋ። የእድሩ አዳራሽ እስከ በሩ ሞላ። ሙስሊሞቹ በግራ፣ ክርስቲያኖቹ በቀኝ፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች ከኋላ። ከፊት ጠረጴዛ ላይ መምህር ዓባይነህና አባቴ። አባቴ ፊቱ አመድ መስሏል። ለእኔ የፈራልኝ መሰለኝ።

«ላምያ፣ ነይ እዚህ ቁሚ» አሉ መምህር ዓባይነህ። «አትፍሪ። ያየሽውን ብቻ።»

አፈር በላች አልኩ። ተፋች። ነቀለች። ሸፍና ወሰደች።

«ሰማችሁ?» አሉ ወይዘሮ ካሰች። «እኔ እጄ እስኪላጥ ድንጋይ ስከትር እሷ በጉም መጥታ ትተፋልኛለች!»

ወደ ተሾመች ቤት ተልከው የነበሩት ሁለት ጎረምሶች ገቡ። «ሠላሳ አንድ ችግኝ አለ። ከእንሰቱ ሥር ተክላዋለች።»

«ደርቋል?»

«ኧረ ለምልሟል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። እኛ ጋ የሞተው እሷ ጋ መዳኑ ነገሩን አባሰው።

ተሾመች ተነሣች። «ነቅያለሁ» አለች። «እየሞተ ነው። ሥሩን አጠብኩ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሲድን ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«እሺ፣ ይህን ለኮሚቴው ለምን አልነገርሽም?» አሉ መምህር ዓባይነህ።

ተሾመች አባቴን አየችው። ረጅም አስተያየት ነበር። ዓይኗ እኔንም እንዳይነካኝ ከመምህሩ ወንበር ጀርባ ተሸሸግሁ። ከዚያ ወዲህ ያን አስተያየት ሺህ ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ፤ ክፋት አልነበረበትም። ሰው በር ከፍቶ «ቅደም» የሚልበት ዓይነት ነበር።

አባቴ አልቀደመም።

ከነጠላዋ ሥር ትንሽ የኮባ ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፈታችው። «ይሄ ከዚያ ተራ ነው። ቅመሱት።»

«ዶሮ አደረገችን እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«ቅመሱት። ከዚያ እኔን ጠይቁ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሰፈሩ የሞተ ውሻ ሁሉ ሲጣልበት የኖረ መሬት ነው። መምህር ዓባይነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ያኔ አባቴ ተነሣ። በሁለት ጣቱ ቆነጠረ፣ ምላሱ ላይ አደረገ፣ አፉን ዘጋ። ሲውጠው ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። እሱ አልተፋም።

«አፈር ነው» አለ። «አፈር ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም።»

ኮራሁበት። ማንም ያልደፈረውን ደፈረ። ከግራም ከቀኝም ሰው «ወንድ ነው» ሲል ሰማሁ።

ተሾመች ኮባውን መልሳ አጣጠፈችው፣ «እሺ» አለች፣ ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልወጣትም።

አባቴ የጻፈው ደንብ ተነበበ። ያነበበው ራሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፉን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። ስሟ ከእድሩ ተሰረዘ። ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት ለሆነው ልጅ አይገባውም። ብትታመሚ የሚጠይቅሽ፣ ብትሞቺ የሚሸከምሽ የለም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ማንም ሰላም አላላትም። ጽጌሬዳ ዴስኩን ለእኔ ለቅቃ ኋላ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት በአይሱዙ ጀርባ፣ ከአንድ ሣጥንና ከሁለት ዶሮ ጋር፣ ወደ ቱም ከተማ ሄዱ። መኪናው በሱቃችን ፊት ሲያልፍ እጄን ለጽጌሬዳ አነሣሁ። አየችኝ። እጇ የዶሮዎቹን እግር እንደያዘ ቀረ።

በዚያው ሳምንት አባቴ ጨዉን በሙሉ ከመጋዘናችን አውጥቶ ገበያው አጠገብ በተከራየው ቤት አስገባ። «አይጥ በዛ» አለ። የጀርባውን ግድግዳ ሥር ሥሩን በሲሚንቶ አስለሰነ። አይጥ ጨው እንደማይበላ ያኔ አላሰብኩም። ሠላሳ አንዱ ችግኝ ከተሾመች ጓሮ ተነቅሎ ወደ ተራው ተመለሰ። ዝናቡ ወራት ሙሉ መሬቱን አጠበው። ችግኞቹ ያዙ። በዓመቱ ከእኔ በለጡ።

«አያችሁ?» ይል ነበር ሰው። «እሷ ስትሄድ ጸደቀ።»

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? እኔም አልፈለግሁም። በልጅነቴ ሰፈራችንን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት።

ከዓመታት በኋላ ሕንድ አገር፣ ፑኔ፣ ለትምህርት ሄድኩ። የሄድኩበት ትምህርት ከአፈር ጋር የሚያገናኘው አልነበረም፤ አንዲት የክፍሌ ልጅ ለበዓል ወደ ቤተሰቦቿ ወሰደችኝ፣ ጉጃራት፣ ባሕር ዳርቻ። አያቷ ማለዳ ማሳቸው ዳር ተንበርክከው አፈር ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ ሲጨምሩ አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ተፉት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት።

«ጨው ገብቶበት እንደሆነ እያዩ ነው» አለች። «ጨው ከገባ ቅጠሉ ከጫፉ ይቃጠላል።»

ከማሳው ዳር ለረጅም ሰዓት አልተነሣሁም። መጋዘናችን በሚዛን እርጥበት የሚያለቅስ ጨው እንደነበረው፣ ውኃው እንዲወጣ ከግድግዳው ሥር አባቴ ራሱ ያስቆፈራት ትንሽ ቀዳዳ እንደነበረች፣ ከቀዳዳዋ የሚወርደው ሲደርቅ ነጭ እንደነበረ፣ እኔም በልጅነቴ በጣቴ እየነካሁ እንደላስኩት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አባቴን ለመጠየቅ ስልክ አንሥቼ ስለ ጤናው ጠየቅሁት። በሚቀጥለውም ወር ስለ ጤናው ጠየቅሁት። እንዲህ እያልኩ ሳለ ሞተ።

ሁለት ሺህ አሥር ላይ ተመለስኩ። ቦረቦሩ ዛሬ ደን ነው። ባጃጅ ነጂዎች ጥላው ሥር ቆመው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ሦስቱ ማኅበሮች አሁንም አብረው ናቸው፤ ከሌላ ከተማ ሰዎች መጥተው አሠራራቸውን ይጠይቃሉ። ከመጋዘናችን በታች ያሉት ቀረሮዎች ከሁሉም ይበልጣሉ። ቤት ውስጥ ተኝቼ ሲንሾካሾኩ እሰማቸዋለሁ፤ መስኮቱን ብዘጋም አይተውኝም። ሥራ ብዬ የያዝኩትን ሁለቱንም በየሦስት ወሩ ትቻለሁ። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ሙቀቱ ነው እላታለሁ።

በሰኔ ኮሚቴው ወደ ቤት መጣ። ሰሌዳ ሊተክሉ ነው። «የሻሚል ደን» ብለው። ፎቶውን እንድሰጣቸውና በዕለቱ ሁለት ቃል እንድናገር ፈለጉ። አስብበታለሁ ብዬ ወደ መምህር ዓባይነህ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሰምተው ነው ያወቁኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ያን ቀን አባቴ የቀመሰው አፈር ጨው ነበረው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«በማግስቱ ማለዳ ብቻዬን ወርጄ ቀመስኩት።»

«እና?»

«እና ምን? ሦስቱን በስንት መከራ አንድ ቦታ አቁሜ! ምክትሌ ዋሸ ብዬ ብነሣ ጠቡ የአንድ ነጋዴና የአንዲት ሴት ሆኖ ይቀር ነበር? የእናንተ ወገን፣ የእኛ ወገን ይመጣ ነበር። ቦረቦሩ ደግሞ እስክንታረቅ አይጠብቅም።» ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሲበርድ እናስታርቃታለን ብዬ ነበር።»

«ለምን አላስታረቃችሁም?»

«ዛፉ አደገ፣ ልጄ» አሉ። «ሰው ዛፉን አየ።»

ልናደድባቸው ፈልጌ አቃተኝ። ያሉት ስህተት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። እኔም በዚያ ጥላ ሥር አልፋለሁ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ የቱም መስመር የሚሠራ ሾፌር ፈለግሁ። ታፈሰ የሚባል ሰው አገናኙኝ። ተሾመችን ያውቃታል።

«ሞታለች እኮ» አለኝ። «አራት ዓመት ሆናት።»

«ማን ቀበራት?»

«ጎረቤት ነዋ። እዚያ እድር ግቢ ብለናት ነበር፤ እሺ አትልም። 'አለኝ፣ ሚዛን' ትል ነበር።» ፈገግ አለ፤ የአሮጊት ግትርነት መስሎታል። «ልጇ ማጂ አስተማሪ ናት። ቁጥሯን ልስጥሽ?»

ቁጥሩን ይዤ ሦስት ቀን ቆየሁ። ረጅም ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ስለ ልጅነቴ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፤ ስለ እኔ መሆኑ አስጠላኝ። በሦስተኛው ቀን የቀረው ይህ ነበር፦

«ጽጌሬዳ፣ ላምያ ነኝ፣ የሻሚል ልጅ። አፈሩ ጨው ነበረው። ጨዉ የኛ ነበር። እናትሽ ቀድማ ለአባቴ ነግራዋለች፤ ለሰው እንዳትናገር ቃል አስገብቷት ነበር። ዛፎቹ እሷ ያዳነቻቸው ናቸው። ሰሌዳ ሊተከል ነው። እሁድ ሁሉም ባሉበት ይህንኑ ልናገርና የእሷ ስም እንዲጻፍ ልጠይቅ ነው። አንቺ ሳትፈቅጂ ግን ስሟን በአፌ ልጠራው አልችልም። ፈቅደሽልኛል?»

ላክሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዳነበበችው ስልኩ አሳየኝ። መጻፍ ጀመረች፣ አቆመች። ደግማ ጀመረች፣ አቆመች።

እሁድ ሦስቱም ማኅበሮች ዛፎቹ ሥር ተሰብስበው ስሜ ሲጠራ ስልኩን በእጄ ይዤ ነበር። ምንም አልገባም። ጨዉ የኛ እንደነበር ተናገርኩ፤ የተሾመችን ስም ግን አልጠራሁም። ከዚያም በኋላ መልስ አልገባም።